የእኛ ባች የቱ ነው?

ዛሬ ስለ ታሪፍና ስለ ኤርፖርት ሰልፍ አላማርርም፤ ረዘም ያለች የታሪክ ጽሑፍ ስለሆነች ሻይ ያዙ።

የኮሌጅ ጓደኞቼ የቴሌግራም ግሩፕ ሰሞኑን ጦፏል። አርባ አምስት ዓመት አካባቢ ደርሰናል። የአንዷ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባች ተብሎ እልልታ ይለጠፋል፣ አንዱ ዶክትሬቱን ጨረሰ ይባላል፣ ሌላው ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት መድኃኒት ይጠይቃል። ስለ ፀጉራችን ባናነሳ ይሻላል። በዚህ መሀል "25ኛ ዓመታችንን እናክብር" የሚል ሐሳብ መጣ። ሁሉም ደስ አለው፣ አንዷ "የምኑን 25ኛ?" ብላ እስክትጠይቅ ድረስ።

ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። ስድስት ኪሎ የገባነው በ1992 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ገና እየተቋቋሙ ስለነበር ማትሪክ አልፎ የሚገባው ጥቂት ነበር። ኮስት ሼሪንግ የመጣው በ1996 ስለሆነ እኛ ዶርሙንም ምግቡንም በነፃ ነው ያገኘነው። (ስለ ወጡ ጥራት ሌላ ቀን እጽፋለሁ።) በአራት ዓመት፣ በ1995 መመረቅ ነበረብን። ያ ሳይሆን የቀረው በ1993 ሚያዝያ ምክንያት ነው።

ለወጣቶቹ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከኤርትራ ጋር የነበረው ጦርነት በታኅሣሥ 1993 በአልጀርስ ስምምነት ተዘግቷል። በመጋቢት ደግሞ ገዢው ፓርቲ ውስጥ ሕወሓት ለሁለት ተሰንጥቋል። ተማሪው የጠየቀው ግን የቤተ መንግሥት ጉዳይ አልነበረም፤ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ የተማሪዎች ማኅበር ነፃ ይሁን፣ ጋዜጣችን ይመለስ ነው ያለው። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በሰሞነ ሕማማት፣ ፖሊስ ግቢ ገብቶ ተማሪ ደበደበ። ፋሲካ ሚያዝያ 7 ዋለ። ሚያዝያ 9 እና 10 ነገሩ ከግቢ ወጥቶ ከተማውን አዳረሰ፤ የሰፈር ወጣቶች ተቀላቀሉ፣ ድንጋይ ተወረወረ፣ ሱቅ ተሰበረ፣ ጥይት ተተኮሰ። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ወደ 40 ሰው መገደሉንና በሺዎች የሚቆጠሩ መታሰራቸውን ዘግበዋል። በወሩ መጨረሻ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ተማሪ አነሳሳችሁ ተብለው ታሰሩ።

ከዚያ በኋላ ነው ባቹ የተበተነው። አንዳንዱ በዓመቱ ተመልሶ ከታናናሾቹ ጋር ተመረቀ፤ እኔ ከእነዚያ ነኝ። አንዳንዱ አገር ቤት ሥራ ፈልጎ በዚያው ቀረ። በርካቶች በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ተሻገሩ።

ይህን ለአንድ የታክሲ ባልደረባዬ፣ ጋሼ እያልኩ ለምጠራቸው አዛውንት፣ ብነግራቸው ሳቁብኝ። "ስድስት ኪሎ ሳይቆረጥ የጨረሰ ባች ካለ አሳየኝ" አሉ። የእሳቸውን የበላው ዘመቻ ነው፤ በታኅሣሥ 1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚሆን ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ወጣ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ቀይ ሽብር ነበር። በእኛና በእሳቸው መካከል ያሉት ደግሞ በ1985 የታኅሣሡን ሰልፍና በዚያው ዓመት የ42 መምህራንን መባረር አይተዋል። ጋሼ እውነታቸውን ነው። እኛ "ልዩ ትውልድ ነን" የምንለው ነገር ትንሽ ጉራ አለበት።

ወደ ግሩፑ ልመለስ። አዘጋጆቹ ስም የሚሰበስቡት ከምረቃ መጽሔት ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ ፎቶም ስምም አለ። ግን የእኔን ዶርም ውሰዱ። ስምንት ነበርን፤ መጽሔቱ ላይ ያለነው ሦስት ነን። ከአምስቱ አንዱ ናይሮቢ ብዙ ዓመት ቆይቶ አሁን እዚሁ አሜሪካ ትራክ ይነዳል። ደውዬ "ና እንጂ፣ አብረን እናክብር" ብለው፣ "እኔ እኮ ተመራቂ አይደለሁም ወንድሜ፣ የሰው ሠርግ ላይ ምን አደርጋለሁ?" አለኝ። ማትሪክ ከሁላችንም የበለጠ ያመጣው እሱ ነበር። ካልኩለስ ያስረዳኝም እሱ ነው።

አገር ቤት ያሉ ጓደኞቻችን ሌላ ስጋት አላቸው። አንዷ፣ "እናንተ እዚያ ሆናችሁ ትጽፋላችሁ፣ እኛ መሥሪያ ቤት እንገባለን፤ ድግሱን ፖለቲካ አታድርጉብን" አለች። አልፈርድባትም፤ ልጆች የምታሳድገው እዚያ ነው። ስለዚህ ንግግር ይቅር፣ ባነር ይቅር፣ ፎቶም ፈቃድ ሳይጠየቅ አይለጠፍ። ስም መጻፍ ግን ፖለቲካ አይደለም። በ1992 ፍሬሽማን ሆኖ የገባ ሁሉ ባቻችን ነው፤ ዲግሪ ያዘም አልያዘም። 25ኛውም ከሚያዝያ 1993 እስከ ሚያዝያ 2018 ይቆጠር። አብረን የነበርንበት የመጨረሻው ወር ያ ነው።

ዝርዝሩን በዶርም ቁጥር ጀምሬዋለሁ። የእኔ ዶርም ስምንቱም ተሞልቷል፤ አንዱ በሕይወት የለም፣ እሱም ተጽፏል። ከጎናችን የነበረው ዶርም ግን ሁለት ስም ይጎድለኛል። በ1992 ገብታችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ የዶርም ቁጥራችሁንና የምታስታውሷቸውን ልጆች ስም በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ኮሜንት ላይ ስም አትጻፉ፣ አደራ። ትራክ ነጂው ወዳጄ ከዝርዝሩ እንዳለበት ገና አያውቅም፤ እሁድ እረፍት ነው፣ እደውልለታለሁ።