በሲዲው መያዣ ጀርባ ያለው ቍጥር

«ሜታል ጊር» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ በጃፓን አገር ለገበያ የቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ሂዴኦ ኮጂማ ኮናሚ በተባለው ኩባንያ ሥራ ከጀመረ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። የታዘዘው የጦርነት ጨዋታ እንዲሠራ ነው፤ ዳሩ ግን ኤም ኤስ ኤክስ 2 የተባለው የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ8 የሚበልጡ ተንቀሳቃሽ ምስሎችን ማሳየት አይችልም ነበርና፥ ወታደሩና ጥይቱ ሲበዛ ትርፉ ከዓይን ይሰወራል። ወታደር የሌለበት ጦርነት ደግሞ ምን ጦርነት ነው? ስለዚህ ኮጂማ ነገሩን ገልብጦ፥ ጀግናው ከመዋጋት ይልቅ እየተሸሸገ ሰርጎ እንዲገባ አደረገ። ከጀርመን የምርኮኞች ሰፈር ስላመለጡ እስረኞች በ1963 ዓ.ም. የተሠራው ፊልምም ለዚህ አሳብ መነሻ ሆኖታል።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን በ1998 ዓ.ም. ለፕሌይስቴሽን የወጣው «ሜታል ጊር ሶሊድ» ነው። በዚህ ጨዋታ አንድ ምርኮኛ ሽማግሌ፥ ሜሪል የተባለችውን ልጅ በሬዲዮ እንዲጠራት ለጀግናው ይነግረዋል፤ ቍጥሯም በሲዲው መያዣ ጀርባ ላይ እንዳለ ይገልጽለታል። ሽማግሌው ለጀግናው አንድ ዲስክ ሰጥቶት ስለ ነበረ፥ ብዙው ተጫዋች ያንኑ ዲስክ ሲያገላብጥ ደከመ። 140.15 የሚለው ቍጥር ግን የታተመው ተጫዋቹ ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ ባኖረው በእውነተኛው የፕላስቲክ መያዣ ጀርባ፥ በአንዲት ትንሽ ሥዕል ውስጥ ነበር። ሲዲውን ያለ መያዣው የተዋሰ ሰው ምን ያድርግ!

የስሞቹም ምስጢር አለ፤ ጀግናው ዴቪድ፥ ወዳጁም ሃል መባላቸው በ1968 ዓ.ም. የወጣውን የስታንሊ ኩብሪክን የጠፈር ፊልም ያስታውሳል።

ሳይኮ ማንቲስ የተባለው አሳብ አንባቢ ጠላት ደግሞ የተጫዋቹን ሜሞሪ ካርድ መርምሮ፥ «አንተ እኮ ይህንና ያንን ጨዋታ ትወዳለህ» ይለዋል። ቀጥሎ መስኮቱ ይጨልምና በጥጉ ላይ «ሂዴኦ» የሚል ቃል ይታያል፤ ቴሌቪዥን «ቪዴኦ» ብሎ የሚጽፈውን በአንድ ፊደል ለውጦ ደራሲው የገዛ ስሙን ማስገባቱ ነው። ይህን ጠላት በቀላሉ ለማሸነፍ የመጫወቻውን ገመድ ከአንደኛው መሰኪያ ነቅሎ በሁለተኛው መሰካት ያስፈልግ ነበር።

በ1ና በ2 ቍጥር የተለዩት መሰኪያዎችና ሜሞሪ ካርዱ በፕሌይስቴሽን 3 ላይ ቀሩ። ኮጂማም በ2008 ዓ.ም. በወጣው አራተኛው «ሶሊድ» ማንቲስን ለጥቂት ጊዜ መልሶ አመጣው። ማንቲስ እንደ ልማዱ ካርዱን ሊያነብ ቢሞክር የሚነበብ ካርድ አጣ።