ባዮፕሪንቲንግ
ባዮፕሪንቲንግ ሕያዋን ሕዋሳትን በማተሚያ መሣሪያ በታቀደ ቅርጽ እየደረደሩ ትንንሽ ሕብረ ሕዋሳትን የመሥራት ዘዴ ነው። በቀለም ፋንታ ሕዋሳት የተቀላቀሉበት ዝልግልግ ውሕድ (ባዮኢንክ) ያገለግላል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከጄላቲን ወይም ከባሕር አረም ከሚወጣ አልጂኔት ይዘጋጃል።

ታሪክ፦ አሜሪካዊው ሮበርት ክሌቤ እ.ኤ.አ. በ1988 ሕዋስ የሚይዘውን ፋይብሮኔክቲን የተባለ ፕሮቲን በኢንክጄት ማተሚያ አትሞ፣ ሕዋሳት በንድፉ ላይ እንዲያርፉ አደረገ። በ2003 ቶማስ ቦላንድና ባልደረቦቹ በክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ሕዋሳቱን ራሳቸውን ማተም መቻሉን አሳዩ።

አሠራር፦ ባዮኢንኩ በነጠብጣብ፣ በመርፌ ግፊት ወይም በሌዘር ይታተማል፤ ከዚያም በሙቀት ለውጥ፣ በብርሃን ወይም በካልሲየም ይረጋል።

ገደብና ጥቅም፦ ኦክስጅን ከደም ሥር ርቆ የሚደርሰው እስከ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ወፍራም አካል ማተም እጅግ አዳጋች ነው። ትንንሾቹ ሕብረ ሕዋሳት ግን ለመድኃኒት ሙከራና ለበሽታ ጥናት ከወዲሁ ትልቅ ጥቅም እየሰጡ ናቸው።