ካሴቱ አልጠፋም ነበር

አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ አሮጌ ካሴት ገዛ። ብራያን ሺምኮቪትዝ ይባላል፤ ከ2006 ጀምሮ ከአፍሪካ ገበያዎች የለቀማቸውን ካሴቶች በኢንተርኔት ለሰው የሚያሰማ የሙዚቃ ፍቅረኛ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ ዓ.ም ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ካሴቱ የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ነበር፤ ኃይሉ በ1985 ዋሽንግተን ላይ በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን ብቻውን የሠራው። ሺምኮቪትዝ በካሴቱ ላይ ያየውን ስም በኢንተርኔት ፈለገ፣ ስልክ ቁጥር አገኘ፣ ደወለ። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች በዚያን ጊዜ እንጀራው ታክሲ ነበር፤ በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራው እስኪደርስ መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን እያወጣ ይለማመድ ነበር።

በ2013 ካሴቱ እንደገና ታተመ፤ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

ይህ ታሪክ በውጭ አገር ሲጻፍ ብዙ ጊዜ እንደ ግኝት ይጻፋል። የተረሳ ሙዚቃ፣ አቧራ የጠጣ ካሴት፣ ዕድለኛ ፈረንጅ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ሐሰትም አይደለም። ግን አንድ ነገር ዘሎ ያልፋል። ከወጣ ሩብ ምዕተ ዓመት ያለፈው ካሴት ባሕር ዳር ላይ ሊገዛ የቻለው ሻጭ ስለነበረው ነው። ሻጭ የነበረው ደግሞ ገዢ ስለነበረው ነው። የአኮርዲዮኑ ድምፅ በአገር ቤት ጆሮ ውስጥ ነበር። ጠፍቶ የነበረው ሙዚቃው ሳይሆን በሙዚቃውና በሠሪው መካከል ያለው ክር ነው። እሱን የቀጠለው ደግሞ ሽፋኑ ላይ የታተመ ስም ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

የነገሩ ቁልፍ እዚያ ላይ ስለሆነ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ አምሃ እሸቴ የሚባል የአዲስ አበባ ወጣት የውጭ ሸክላ ይሸጥ ነበር። የአሜሪካ ሶል ሲያስመጣ ሲሸጥ ቆይቶ፣ ከተማው በየማታው የሚጨፍርባቸው የራሳችን ባንዶች ለምን ሸክላ እንደሌላቸው መጠየቅ ጀመረ። መልሱ አዋጅ ነበር፤ ሸክላ የማሳተም መብት ከ1948 ጀምሮ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ ሕጉን እያወቀ በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀድቶ ሕንድ አገር አስቀርጾ አመጣ። የታሰረ አልነበረም። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ፤ ከዚያ አገር ለቆ ወጣ። ዛሬ የዓለም ሰብሳቢ በውድ የሚገዛቸው የማህሙድ፣ የዓለማየሁ፣ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ከዚያ የሱቅ ጠረጴዛ የወጡ ናቸው። በ1984 አካባቢ የማህሙድ አህመድ ሸክላ እጁ የገባው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶም ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲያሳትም የተነሳው ከዚሁ ክምችት ነው።

ልብ የሚባለው ነገር አምሃ ሙዚቀኛ አለመሆኑ ነው። አድማጭ ነበር። አዲስ ነገር ሲሰማ እንቅልፍ የማይወስደው፣ የሰማውን ለሌላው ሳያሰማ የማያድር ዓይነት ሰው። በየዘመኑ እንዲህ ያለ ሰው ይኖራል፤ የሚለዋወጠው የያዘው ዕቃ ብቻ ነው። አምሃ ሸክላ ያዘ፤ በሸክላው መሐል ላይ ባለች ክብ ወረቀት የዘፋኙ ስም፣ ብዙ ጊዜም የባንዱ ስም ነበረ።

አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን ሌሊት ዘጋው። የሸክላ ዘመን ሲያበቃ ካሴት ተተካ። ለደብረ ታቦር ሰው ግን እውነተኛው የሙዚቃ አብዮት ይህኛው ነው። ሸክላ ማጫወቻና መብራት የሚፈልግ የከተማ ዕቃ ነበር። ካሴት ድንጋይ በጎረሰ ቴፕ ይዘፍናል፤ መብራት ባልገባበት ጋይንትም፣ ስማዳም፣ ጉና ሥርም ይዘፍናል። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ደብረ ታቦርን አቋርጦ ሲያልፍ፣ በመኪናው ላይ ከጨውና ከሳሙና ጋር ካሴትም ይወጣ ነበር። ሹፌሩ የከፈተውን ዘፈን ተሳፋሪው ይዞት ይወርዳል።

የካሴት ሽፋን ደግሞ የራሱ ጥበብ ነበረው። መዳፍ የማታክል ወረቀት ላይ የዘፋኙ ፎቶ፣ በእጅ የተሳለ የሚመስል ደማቅ የአማርኛ ፊደል፣ በጀርባው የዘፈኖቹ ዝርዝር፣ ከታች የሙዚቃ ቤቱ አድራሻ። ለብዙ የክፍለ ሀገር ልጅ የመጀመሪያው የግራፊክ ዲዛይን ትምህርት ያቺ ወረቀት ናት። ዛሬ በስልካቸው ፖስተር የሚሠሩ ወጣቶች የዚያን ዘመን ፊደልና ቀለም መልሰው ሲጠቀሙ ማየት የተለመደ ነው። ማማሯ ሳያንስ ግን ወረቀቷ ሰነድም ነበረች። ቀድተው የሚሸጡ ሰዎች ባዶ ካሴት ላይ በእስክሪብቶ ሲጽፉ እንኳ ቢያንስ የዘፋኙን ስም ይጽፉ ነበር፤ ያለ ስም አይሸጥማ!

ክሩ የተበጠሰው ከዚያ በኋላ ነው።

የሞባይል ስልክ በየእጁ ሲገባ፣ በየከተማው ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች ተከፈቱ። የደብረ ታቦር ልጅ አዲስ ሙዚቃ ያገኘው እዚያ ነው። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ልጅ የከተማው ዲጄ፣ የሬዲዮ አዘጋጅና የሙዚቃ ሐያሲ ነበር፤ «አዲስ ነገር ጫንልኝ» ሲባል ምን እንደሚጭን የሚወስነው እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ መቀበል ሲጀምር ከየክልሉ የመጣው ወጣት ፍላሹን ይዞ መጣ፤ የኦሮምኛው፣ የትግርኛው፣ የወላይትኛው ዘፈን ከዚህ ፍላሽ ወደዚያ ተገለበጠ። ስለዚህ ዘመን ሲወራ ስለ ሕገወጥ ቅጂ ብቻ ይወራል። መወራቱም ልክ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣውም በከንቱ አይደለም። ግን ያ ሱቅ ባይኖር ብዙ ሰው ብዙ ነገር ሳይሰማ ይቀር እንደነበርም እውነት ነው።

የሱቁ ትልቁ ጥፋት ሌላ ነው። በማህደሮቹ ላይ «የድሮ»፣ «የባህል»፣ «የሠርግ»፣ «የፈረንጅ» ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ ሲገባ «ትራክ 03»፣ «ያልታወቀ አርቲስት» ይላል። የአምሃ ክብ ወረቀትና የካሴቱ ሽፋን በአንድ ጊዜ ተቀደዱ። በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ ያወጡትን ዘፈን ስልኩ ላይ ጭኖ የሚሰማ ልጅ፣ ከሥር የሚሄደው የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ መሆኑን የሚነግረው አልነበረም። ያወቀ ካለ ዞሮ በእንግሊዝኛ ያነበበ ነው። የራስን ሰው በኒውዮርክና በጃማይካ በኩል መተዋወቅ!

ነገሩን የሚያስገርመው ሁሉ የሆነበት አገር ነው። ደቡብ ጎንደር ዜማን ከነባለቤቱ በመያዝ ከማንም የሚያንስ አገር አይደለም። ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙርአባ የዝማሬና መዋሥዕት። የቆሎ ተማሪ ከየአውራጃው በእግሩ ተጉዞ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ለምኖ እየበላ ዓመታት ተቀምጦ የሚማርበት ቦታ ነው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ የዜማውን ምልክት የደረደሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይተረካል። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ስማቸው ከምልክቱ ጋር አለ። ስልቶቹ ራሳቸው የሚጠሩት ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እየተባለ ነው። ተማሪው ተመርቆ ሲወጣ ከማን እንደተማረ ይናገራል፤ መምህሩም ከማን እንደተማረ ይታወቃል። ያለ ስም የሚተላለፍ ዜማ የለም።

እዚያው ደጋ ላይ በሠርግና በጠጅ ቤት ማሲንቆ የሚመታው ሰው ግን ሌላ ዕጣ ነው የገጠመው። ግጥሙን ሁሉም በቃሉ ይዞት ይሄዳል፤ ስሙን የሚጠይቅ የለም። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ በቆየበት አገር ስም መጠየቅ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ስም አልባው ፋይል በስልክ የመጣ በሽታ ብቻ አይደለም። ቴክኖሎጂው የቆየ ንቀታችንን አግኝቶ አመቸው። የዘማሪውን የትምህርት ሐረግ እስከ አያት ቅድመ አያት የሚቆጥር ማኅበረሰብ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያስጨፈረውን ሰው «ያ ማሲንቆ መቺ» ብሎ ይሸኘዋል።

አሁን ዘመኑ የቴሌግራምና የዩቲዩብ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ ወጣቱ ወደ ፍላሹና ከስልክ ወደ ስልክ ወደ መላላኩ ተመለሰ። ያ ጊዜ አንድ ነገር አሳየ፤ መስመር ሲዘጋ የሚቀረው ስልክ ውስጥ ያለው ፋይል ነው፤ ስም ከሌለው ደግሞ ማን እንደዘፈነው ገብቶ መፈለጊያ የለም።

መስመሩ ሲመለስ ነገሩ አልተሻለም። በቴሌግራም የሙዚቃ ቻናሎች የሚዞሩ ብዙ ፋይሎች ሲከፈቱ፣ የአርቲስቱ ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ የሚታየው የቻናሉ አድራሻ ነው። የዘፋኙ ፎቶ መሆን ሲገባው የቻናሉ ሎጎ። ፋይሉን ያሰራጨው ሰው የራሱን ስም መጻፍ ያውቅበታል ማለት ነው። ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር ላይ ያገኘው እንዲህ ያለ ዕቃ ቢሆን ኖሮ የሚደውልለት ለሻጩ ነበር።

በዩቲዩብ «ምርጥ የጎንደር ማሲንቆ» በሚል ርዕስ የተጫነ፣ ከአንድ ሠርግ ድንኳን በስልክ የተቀረጸ ዓይነት ቪዲዮ ሞልቷል። ካሜራው ሙሽሮቹን ያሳያል፣ እስክስታ ወራጆቹን ያሳያል፣ ማሲንቆ መቺውን በጨረፍታ ያሳይና ያልፋል። ከሥር «ነፍስ ነው»፣ «አገሬ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ከነሱ መካከል «ይሄ ሰው ስሙ ማነው? የየት አካባቢ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ልጅ ይገኛል። ከሥሩ የልብ ምልክት ያስቀመጡለት አሉ። ስሙን የጻፈለት ግን የለም።