ስጎ በአገው ምድር፤ በዝግታ ስለሚበስለው የፓስታ ማባያ አጭር የታሪክ ጥናት

የታሪክ መጻሕፍት ስለ ጦር ሜዳና ስለ ዙፋን ብዙ ይነግሩናል፤ ስለ ድስት ግን የሚነግሩን ጥቂት ነው። ሆኖም ሕዝብ ከሕዝብ ጋር ሲገናኝ፣ በሰላምም ይሁን በጦርነት፣ ግንኙነቱ ምልክቱን ከሚተውባቸው ስፍራዎች አንዱ ማዕድ ነው። በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው፣ ዛሬ በእንጅባራና በዳንግላ ምግብ ቤቶች የተለመደው «ፓስታ በስጎ»፣ በተለይም በዝግተኛ እሳት የሚበስለው የሥጋ ማባያው፣ ከምን ተነሥቶ እንደ አገር ምግብ ለመቈጠር እንደ በቃ ነው።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ ቢታይም አንድ ከባድ ጥያቄ በውስጡ ይገኛል። ይኸውም፣ በወራሪ ዘመን የተስፋፋውን ምግብ ዛሬ በደስታ የሚበላ ሕዝብ የወራሪውን ውርስ ተቀበለ ይባላልን? የሚለው ነው። እኛ እንደምናስበው አይባልም፤ ስሙና ጥቂቱ ዕቃ ከባሕር ማዶ ቢመጣም የአበሳሰሉ ጥበብ አስቀድሞ በእናቶቻችን ምድጃ ላይ ነበረና። ይህንንም በቃላት፣ በዘመን ታሪክና በማብሰያው ሥራ ራሱ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ቃላትን እንመልከት። ፓስታ፣ መኮረኒ፣ ላዛኛ፣ ፉርኖ፣ ሳልሳና ስጎ የኢጣልያ ቃላት ናቸው። «ሱጎ» በኢጣልያንኛ ጭማቂ ወይም መረቅ ማለት ሲሆን በእኛ አፍ ስጎ ሆኖ ቀርቷል። ከእነዚህ ጋር ፍሬን፣ ፍሪሲዮንና ጎሚስታ የሚሉት የመኪና ቃላት ወደ አማርኛ ገብተዋል፤ የወጥ ቤቱና የመኪናው ቃላት ጎን ለጎን መገኘታቸውም ወደ ፊት የምንመለስበት ነገር ነው። ነገር ግን ስጎ የምትሠራ ሴት ሥራዋን ስትናገር በምን ቃል እንደምትናገር ልብ እንበል። ሽንኩርቱን ትከትፋለች፣ ታቁላላለች፣ ታማስላለች፣ እሳቱን ታበርዳለች፣ ወጡን ታንተከትካለች። ከእነዚህ ግሦች አንዱም ከኢጣልያ አልመጣም። የተዋስነው የነገሩን ስም ነው፤ የሥራው ቃል ግን የራሳችን ሆኖ ቆይቷል። ሰው የማያውቀውን ሥራ ሲማር የሥራውን ቃል አብሮ መማሩ የተለመደ ነውና፣ ይህ ለእኛ ጠንካራ ምስክር ነው።

ሁለተኛም፣ ስጎ በኢጣልያ ምድር እንኳ የአንድ አገር ብቻ ፍሬ አይደለም። ኢጣልያኖች በዝግታ የበሰለውን የሥጋ ማባያ «ራጉ» ይሉታል፤ ይህም ቃል ከፈረንሳይ የተወሰደ ነው። ፔሌግሪኖ አርቱዚ የተባለው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1891 ባሳተመው ዝነኛ የምግብ መጽሐፍ የቦሎኛን መኮረኒ ሲገልጽ የጥጃ ሥጋ፣ የአሳማ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ሽንኩርት፣ ካሮትና መረቅ ይጠቅሳል፤ ቲማቲም ግን የለበትም። ቲማቲም ከአሜሪካ ምድር ወደ አውሮፓ የተሻገረው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። የእኛም በርበሬ ከዚያው ምድር የመጣ መሆኑን ብዙ ሰው አያስታውስም። እንግዲህ ቀዩ ስጎና ቀዩ ወጥ ቀለማቸውን ያገኙት ከአንድ ክፍለ ዓለም ነው ማለት ነው። በአንጻሩ ለፓስታ የሚስማማው ጠንካራ ስንዴ በኢትዮጵያ ደጋ ከጥንት ጀምሮ ሲዘራ የኖረ ነው፤ የሩስያው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ጎብኝቶ የዚህን ስንዴ ዐይነት ብዛት አድንቋል። ስለዚህ በአንድ ሳሕን ፓስታ ላይ ባለቤትና እንግዳ ተለይቶ አይታወቅም።

አሁን ወደ አገው ምድር እንመለስ። ዳንግላ በንጉሡ ዘመን የአገው ምድር አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ከወረራው በፊት የእንግሊዝ ቆንስላ ይኖርባት ስለ ነበር የውጭ ሰው ለከተማይቱ አዲስ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በዚያ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1936 ታትሟል። ኮሶበር ተብላ የምትጠራው እንጅባራ ደግሞ ዛሬ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት።

የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ጎጃምን ከያዘ በኋላ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ ምሽግ ሠርቶ ተቀመጠ። በእነዚህ ምሽጎች ውስጥ የኢጣልያ ሹማምንት የአገራቸውን ምግብ ፈለጉ። ሕጋቸው ግን ሰውን ከሰው የሚለይ ነበረ፤ በሚያዝያ ወር 1929 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ኢጣልያዊ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር በእስራት ይቀጣ ነበር። ማዕዱን በዘር የለየ አገዛዝ ግን ድስቱን ሊለይ አልቻለም፤ እንጨት የሚፈልጠው፣ ውኃ የሚቀዳውና እሳት የሚያነደው ብዙውን ጊዜ የአገሩ ሰው ነበርና።

ከምሽጉ ውጭ የነበረው ኑሮ ሌላ ነው። በጎጃም ከ1929 እስከ 1930 ዓ.ም. ዐመፅ በተፋፋመ ጊዜ መንደሮች ተቃጠሉ፤ ብዙ ሰው ወደ ጫካና ወደ ገደል ሸሸ። እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና እንደ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ያሉ አርበኞች ተከታይ የሆነ ሰው ስንቁ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ነው። እነዚህ ሁሉ በቦታው እሳት የማይሹ ምግቦች ናቸው፤ ጭስ ለጠላት ምልክት ይሆናልና። በዝግታ የሚበስል ወጥ በአንጻሩ የተቀመጠ ሰው ምግብ ነው፤ ቤት፣ ማገዶ፣ ሥጋና ከሁሉ በላይ ሳይፈሩ የሚያሳልፉት ግማሽ ቀን ይፈልጋል። በአገው ምድር የስጎን ታሪክ ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው። የወራሪው ድስት በምሽጉ ውስጥ ሲንተከተክ የብዙ ባላገር ጉልቻ ቀዝቅዞ ነበር። ዛሬ ስለ ፓስታ በፈገግታ ስንናገር ይህን መርሳት አይገባንም።

ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። በየካቲት ወር ኢጣልያኖች የዳንግላንና የእንጅባራን ምሽግ ለቀው ሄዱ፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ደረሱ። ወራሪው ሄደ፤ ጎዳናውና ቃላቱ ግን ቀሩ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ነጂ ምሳውን የሚበላው በምግብ ቤት ነው። ፓስታ ደርቆ ስለሚቀመጥ አይበላሽም፤ ሳልሳም በቆርቆሮ ታሽጎ ሩቅ ይሄዳል። ከላይ እንዳልነው የወጥ ቤቱና የመኪናው ቃላት ጎን ለጎን መገኘታቸው ድንገተኛ አይመስለንም፤ ሁለቱም በአንድ ጎዳና ተጉዘዋልና።

ምግቡ ወደ እኛ ከገባ በኋላ ግን በእኛ ሥርዐት መተዳደር ጀመረ። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም፣ ሥጋው ወጥቶ በቲማቲምና በአትክልት ብቻ የሚሠራ የጾም ስጎ ተገኘ። በርበሬና ቃሪያ ተጨመረበት። በብዙ ቤትም ፓስታው በእንጀራ ላይ ፈስሶ በእጅ ይበላል፤ ይህንንም የኢጣልያ ሰው ቢያይ ሳይደነቅ አይቀርም።

እንግዲህ ስለ አበሳሰሉ እንናገር። የእኛ ወጥ መሠረቱ ቁሌት ነው። ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ፣ በመጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በለሰለሰ እሳት ውኃው እስኪመጥና መልኩ እስኪለወጥ ይቁላላል። ኢጣልያኖችም ሽንኩርትና ካሮት በቅቤ ወይም በዘይት በዝግታ በማብሰል ይጀምራሉ። ሁለቱም ወገን ያወቀው አንድ ነገር ነው፤ ሽንኩርት ከተቻኰሉበት ያራል፣ ከታገሡት ይጣፍጣል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ምሳሌ ለወጥ ቤትም የተነገረ ይመስላል።

ለስድስት ሰው የሚበቃ ስጎ ለመሥራት ግማሽ ኪሎ የበሬ ሥጋና ያንኑ ያህል ቀይ ሽንኩርት በቂ ነው። ሽንኩርቱ ከተቁላላ በኋላ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና በደቃቁ የተከተፈ ወይም የተፈጨ ሥጋ ይጨመራል፤ የሥጋው ውኃ ሲመጥ የተላጠ ቲማቲምና ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሳልሳ ይገባል። ከዚያ ድስቱ ተከድኖ፣ ከሰሉ አመድ ለብሶ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይቆያል። ሲጎድል የሚጨመረው ሙቅ ውኃ ነው። ዘይቱ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ስጎው ደርሷል ማለት ነው፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬም ያን ጊዜ ይስተካከላል።

ይህ ዝግታ በደጋ አገር የተለየ ምክንያት አለው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ዝቅ ባለችው ዳንግላ ወደ 93 ይጠጋል። ስለዚህ እሳቱን ቢያንቀለቅሉት ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። የሥጋ ጅማት ደግሞ የሚሟሟው ለረጅም ጊዜ በቆየ መካከለኛ ሙቀት ነው፤ ሲሟሟም ማባያውን ያወፍረዋል። የደጋ ሴት ይህን በቴርሞሜትር ሳትለካ በልምድ ታውቀዋለች። ፓስታውም በዚሁ ምክንያት በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ጥቂት ይጨመርለታል።

በባሕር ማዶ ይህንኑ ትዕግሥት ለመሣሪያ የሰጡ ሰዎች አሉ። አይርቪንግ ናክሰን የተባለ አሜሪካዊ በዝግታ ለሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት እ.ኤ.አ. በ1936 አመልክቶ በ1940 የፈጠራ መብት አገኘ። ሐሳቡን ያገኘው እናቱ በሊትዌኒያ ስለሚበላው የአይሁድ የሰንበት ወጥ ከነገረችው ነው፤ ያ ወጥ ዓርብ ማታ በዳቦ ጋጋሪ ምድጃ ገብቶ ሌሊቱን በቀረው ሙቀት ይበስል ነበር። ድስቱም እ.ኤ.አ. በ1971 «ክሮክ ፖት» በሚል ስም ተሸጠ። አዲስ አበባ በኢጣልያ እጅ በወደቀችበት ዓመት የአንዲት እናት ትዝታ በሌላ ክፍለ ዓለም የፈጠራ ማመልከቻ መሆኑ ታሪክ የሚያሳየን ግጥጥሞሽ ነው። ዛሬ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በዚህ ድስት ስጎ ሲሠሩ ግን ማወቅ የሚገባቸው አንድ ነገር አለ። ክዳኑ እንፋሎቱን ስለሚይዝ ሽንኩርቱ በውስጡ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፤ ስለዚህ ቁሌቱ አስቀድሞ በሌላ ድስት ተሠርቶ፣ ውኃው ተቀንሶ፣ በዝቅተኛው ሙቀት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት መቆየት ይኖርበታል። መሣሪያው የቁሌትን ሥራ አይተካም።

በአዊ ግን የዝግታ ምንጭ አሁንም በብዙ ቤት ከሰል ነው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘር በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ያበቅላሉ፤ ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ቈርጠው ከሰል ያከስሉታል። ከሰሉም ለሩቅ ከተሞች ምድጃ ይሸጣል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በዛፉ ላይ የወረደው የዋግ በሽታ ግን ይህን ኑሮ ክፉኛ ጎድቶታል። የድስት ታሪክ ከማገዶ ታሪክ ሊለይ አይችልም፤ ዛፉ ሲታመም የሚበርደው የገበሬው ኪስ ብቻ አይደለም፣ የከተሜው ምድጃም ጭምር ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ሐሳብ ይህ ነው። ስጎን መብላት ለወራሪ መገዛትን አያሳይም፤ እንዲሁም ምግቡ እንዴት እንደ መጣ መርሳትን አያስፈቅድም። ሕዝቡ ከምሽጉ የቀረውን ስም ወስዶ በራሱ ምድጃ፣ በራሱ ጾምና በራሱ እንጀራ ላይ አስቀምጦታል። ይህን ያደረጉትም ስማቸው በመጽሐፍ ያልተጻፈ ወጥ ሠሪ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ጓደኞቻችን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ የአገራቸው ሲመለሱ፣ በየከተማው ቀደም ብሎ ምግብ ቤት የከፈቱትን እናቶች እንዲጠይቁና የሚሰሙትን ከነቀኑ እንዲመዘግቡ አደራ እንላለን። የድስት ታሪክ ማኅደር የሚገኘው በእነርሱ ዘንድ ነውና።