ቤቱ የማን ነው?

እኛ «የቤት ማኅበር» ስንል ሰዎች ተባብረው ሠርተው፣ ዕጣ አውጥተው፣ ከዚያ ሁሉም በየአጥሩ ገብቶ በሩን የሚዘጋበትን ነው። ቤቱ ሲያልቅ ማኅበሩም ያልቃል። እዚህ የማነሳው ግን ቤቱ ካለቀ በኋላ የሚጀምረውን ማኅበር ነው።

በ1927 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ ውስጥ፣ የልብስ ሰፊዎች የሠራተኛ ማኅበር ለ303 ቤተሰቦች አፓርታማ ሠራ። ስሙም «አማልጋሜትድ» ተባለ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ አባሉ በሚይዘው ክፍል ልክ፣ ለያንዳንዱ ክፍል 500 ዶላር ያስገባል። ይህ የቤት ዋጋ አይደለም፤ የማኅበሩ አክሲዮን ነው። ቤቱ የማኅበሩ፣ ማኅበሩ ደግሞ የነዋሪው ነው። ከዚያ በየወሩ ለአንድ ክፍል 11 ዶላር ያህል ይከፍላል፤ የባንክ ዕዳው፣ ማሞቂያው፣ ጥገናው ሁሉ የሚሸፈነው ከዚህ ነው። ባለ ሦስት ክፍሉም ባለ አምስት ክፍሉም አንዳንድ ድምፅ አላቸው። የሚለቅ ሰው ያስገባውን ይዞ ይወጣል እንጂ አትርፎ አይሸጥም።

በዚያው ሰሞን እዚያው ብሮንክስ ሌሎች ላብ አደሮች፣ አብዛኞቹ ኮሙኒስቶች፣ ከ700 በላይ ቤቶች ያሉት ሠፈር ሠሩ። ሰዉ «ኩፕስ» ይለው ነበር። ከ1929 በኋላ ኢኮኖሚው ሲንኮታኮት ሥራ ያጣ ጎረቤታችንን አናስወጣም አሉ። ዘረኝነት በነገሠበት ዘመንም ለጥቁር ቤተሰቦች በራቸውን ከፈቱ። ታዲያ ይህን ማን ይነቅፋል? ዕዳው ግን መቁጠሩን አላቆመም። አበዳሪዎቹ ወርኃዊው ክፍያ ይጨመር ሲሉ ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ እምቢ አለ። በ1943 ሕንፃው ከእጃቸው ወጣ፤ ባለቤት የነበሩት በገዛ ቤታቸው ተከራይ ሆኑ።

አማልጋሜትድ ግን ዛሬም በኅብረት ሥራነቱ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ አብርሃም ካዛን ሒሳብ የማይለቅ ሰው ነበር። ሰፊዎቹ ከኩፕሶቹ ይልቅ ደግ ወይም ጨካኝ ስለነበሩ አይመስለኝም፤ ዕዳውን እንደ ባዕድ ጉዳይ ስላላዩት ነው።

ቤቱ የጋራ ከሆነ ዕዳውም የጋራ ነው። የሠፈራችንን እድር እንይ፦ ሐዘንተኛውን የሚደግፈው በርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ማንም ሳይሞት ባለፈው ወር ሁሉም መዋጮውን ስለ ከፈለ ነው። በኩፕስ ስብሰባ ላይ ብንሆን ብዙዎቻችን እምቢ ካሉት ጋር እጃችንን እናወጣ ነበር፤ እኔም ጭምር። ለዚህ ነው ታሪኩን የጻፍኩት።