ግማሽ ግጥም የያዘ ካርታ
የካሩታ መጫወቻ፣ ጃፓን። ወረቀትና ቀለም፤ 200 ካርታዎች።

በግራ ያለው ካርታ የባለቅኔውን ምስልና ሙሉ ግጥሙን ይዟል፤ እሱ የአንባቢው ነው። በቀኝ ያለው ምስል የለውም፤ የተጻፈበት የግጥሙ መጨረሻ ብቻ ነው። ወለል ላይ ተዘርግቶ፣ ግጥሙ ሲነበብ ተጫዋቾች የሚሻሙት ይህኛውን ነው።

ግጥሙ ታንካ ይባላል፦ 5፣ 7፣ 5፣ 7፣ 7፣ በድምሩ 31 ድምፅ። ሃይኩን የሚያውቅ ጎብኚ የመጀመሪያዎቹን 17 ድምፆች ሲቆጥር ዝምድናውን ያገኘዋል። ከ100 ባለቅኔዎች አንዳንድ ግጥም የመረጠው፣ እንደሚታመነው፣ ፉጂዋራ ኖ ቴይካ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1235 አካባቢ። ከባለቅኔዎቹ 21ዱ ሴቶች ናቸው።

«ካሩታ» የሚለው ስም የተወሰደው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከመጡት ፖርቱጋሎች ቋንቋ ነው፤ ከእኛው «ካርታ» ጋር ሥሩ አንድ ነው።

ግጥሞቹን በቃሉ የያዘ ተጫዋች አንባቢው እስኪጨርስ አይጠብቅም። ከግጥሞቹ ሰባቱ በመጀመሪያው ድምፃቸው ብቻ ይታወቃሉ፤ ያቺ ድምፅ ስትሰማ እጅ ይወረወራል፣ ካርታውም ተስፈንጥሮ ይሄዳል። በኦትሱ ከተማ፣ በኦሚ መቅደስ በየዓመቱ ጥር ላይ የሚደረገውን ግጥሚያ ያየ ሰው ግጥም የጸጥታ ሥራ ነው ለማለት ይቸገራል።

በውድድር የሚዘረጉት ካርታዎች 50 ብቻ ናቸው፤ ለንባብ የሚቀርቡት ግን መቶዎቹም። ያልተዘረጋ ግጥም ሲነበብ ካርታ የነካ ይቀጣል።