ለዐይን ትክክል የመሰለው ካሬ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በመስጊድ ግድግዳ፣ በሚንበርና በመስገጃ ላይ በኮከብና በባለብዙ ማዕዘን ቅርጾች የተሠሩ ጌጦችን ሁላችንም እናያለን። እንዴት እንደተሠሩ ግን ብዙም አንጠይቅም። በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ከዚህ ውበት በስተጀርባ ያለውን ዕውቀት በአንድ ታላቅ ሊቅ ሥራ በኩል እንቃኛለን።

አቡል ወፋእ አል-ቡዝጃኒ እ.ኤ.አ. በ940 በኹራሳን ምድር ተወለዱ። በ959 ወደ ባግዳድ አቅንተው በሂሳብና በሥነ ፈለክ ስመ ጥር ሆኑ። ዕውቀታቸውን ግን ለሊቃውንት ብቻ አላስቀሩትም፤ የእጅ ባለሙያ ከጂኦሜትሪ የሚያስፈልገውን የሚያስረዳ ኪታብም ጻፉ። ዐረቦች ጂኦሜትሪን «ሀንደሳ» ይሉታል፤ እኛ «መሐንዲስ» የምንለው ቃልም ከዚሁ ሥር የመጣ ነው።

በኪታባቸው ውስጥ የሂሳብ ሊቃውንትና የእጅ ባለሙያዎች አብረው የተቀመጡበትን ስብሰባ ያወሳሉ። ጥያቄው ይህ ነበር፦ ሦስት እኩል ካሬዎችን ቆራርጦ አንድ ትልቅ ካሬ ማድረግ እንዴት ይቻላል? ሊቃውንቱ የትልቁን ካሬ ጎን ርዝመት በመስመር ማሳየት አልከበዳቸውም፤ ባለሙያዎቹ ግን በዚህ አልረኩም፤ የሚፈልጉት ተቆርጦ የሚገጣጠመውን ነው። እነርሱም የየራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ከዘዴዎቹ አንዳንዶቹ ለዐይን ትክክል ይመስላሉ፤ ሲሰሉ ግን ስህተት ናቸው።

አቡል ወፋእ ሁለቱን ወገን የሚያረካ መልስ ሰጡ። ሁለቱን ካሬዎች ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ቆርጠው አራት ሦስት ማዕዘኖች አወጡ። ሦስተኛውን ካሬ ሳይነኩ መሐል አደረጉት። በእያንዳንዱ ጎኑ ላይ የአንዱን ሦስት ማዕዘን ረጅም ጎን አስጠግተው፣ ጫፉን ከካሬው ማዕዘን አስጀምረው ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ደረደሩ። ቀጥሎም የአራቱን ሦስት ማዕዘኖች ቀጥተኛ ማዕዘን ጫፎች በመስመር አገናኙ። ከመስመሩ ውጪ የቀረው ተቆርጦ የጎደለውን ልክ ይሞላል፤ የሚተርፍም የሚጎድልም የለም።

ውድ አድማጮቻችን፣ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ለዐይን ማማር የሥራን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። እጅ የሌለው ዕውቀት ከወረቀት አይወርድም፤ ማስረጃ የሌለው እጅም ስህተትን ያስጌጣል። ሥራን አሳምሮና አስተካክሎ መሥራት፣ ኢትቃን የምንለው፣ ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

በልኬት የተሠራ ጌጥ በግራናዳ በሚገኘው በአልሐምራ ቤተ መንግሥት ግድግዳዎችም ላይ ይታያል። ኔዘርላንዳዊው የኅትመት ሥዕል ባለሙያ ኤሸር በ1922 እና በ1936 ቦታውን ጎብኝቷል። በሁለተኛው ጉብኝቱ ጌጦቹን በጥንቃቄ ገልብጦ ወሰደ። ክፍተት ሳይተዉ የሚጋጠሙ ቅርጾች ከዚያ በኋላ በሠራቸው ኅትመቶች ጎልተው ይታያሉ። ባዕድ ከሩቅ መጥቶ ከአባቶቻችን ግድግዳ ከተማረ፣ እኛ ልጆቻችን ሂሳብን ሲሸሹ ዝም ብለን ማየት ይገባናልን?

ስለዚህ ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ ወረቀት፣ ማስመሪያና መቀስ ስጧቸው። ሦስቱን ካሬዎች ቆርጠው ይሞክሩት፤ ከዚያም ለምን ልክ እንደሆነ ይጠይቁ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን። ወሏሁ አዕለም።